በ«ገበያ» ስም የተገባበት ኅብረት

ጁን 5 ቀን 1975 (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የብሪታኒያ መራጮች እጅ የገባው የድምፅ መስጫ ወረቀት አንድ ጥያቄ ይዞ ነበር። ዩናይትድ ኪንግደም በአውሮፓ ማኅበረሰብ ውስጥ መቆየት አለባት ብለው ያስባሉ ወይ የሚል። «የአውሮፓ ማኅበረሰብ» ከሚለው ስም ቀጥሎ በቅንፍ ሌላ ስም ገብቷል፦ «የጋራ ገበያ»። በውሉ ላይ የሰፈረው ስም ማኅበረሰብ ነው፤ ጋዜጣውም ፖለቲከኛውም ጎረቤት ለጎረቤትም ሲያወራ የሚጠራው ግን ገበያ እያለ ነበር። ቅንፉ የተጨመረው መራጩ ስለ ምን እንደሚጠየቅ እንዲገባው ይመስለኛል። ብሪታኒያ የአውሮፓ የፖለቲካ ኅብረት አባል ትሁን አትሁን የሚለውን ረጅም ክርክር ባነበብኩ ቁጥር ግን ዓይኔ እዚያ ቅንፍ ላይ ያርፋል። ሁለቱ ስሞች የአንድ ነገር ስሞች አልነበሩም። ሕዝቡ በአንደኛው ስም አምኖ ተስማማ፣ በሁለተኛው ስም ተዳደረ፣ በሦስተኛው ስም ደግሞ ጥሎ ወጣ።

ስሞቹን ከነሥራቸው እንያቸው። «ማርኬት» የመጣው «ሜርካቱስ» ከሚለው ላቲን ነው፤ እሱም ሸቀጥ ማለት ከሆነው «ሜርክስ» የወጣ። ይኸው ቃል በጣሊያንኛ «ሜርካቶ» ሆኖ አዲስ አበባ ድረስ ዘልቆ የእኛኑ መርካቶ ሰይሟል። ገበያ የወጣ ሰው ሸጦ ለውጦ፣ ዋጋ ተከራክሮ ማታ ወደ ቤቱ ይገባል፤ ከሻጩ ጋር አብሮ ለመኖር ቃል አይገባም። «ኮሚዩኒቲ» ከዚህ ይጠልቃል። የተሠራው «አብሮ» ከሚለው «ኮም» እና ግዴታንም፣ ሹመትንም፣ ስጦታንም ከሚያመለክተው «ሙኑስ» ነው። ከሥሩ ሲታይ ማኅበረሰብ ማለት ግዴታ የሚካፈሉ ሰዎች ማለት ነው። «ዩኒየን» ደግሞ «ኡኑስ» ከሚለው፣ ከአንድ ቁጥር የወጣ ነው። ሮማውያን ነጠላውን ትልቅ ዕንቁ «ኡኒዮ» ይሉት ነበር፤ ገበሬዎቻቸው ደግሞ ሳይከፋፈል ባንድ ራስ የሚያድገውን ሽንኩርት በዚሁ ስም ጠሩት፤ የእንግሊዝኛው «አኒየን» የመጣው ከዚያ ነው።

አማርኛ እዚህ ላይ ብዙም ሳይጎረብጠው ያልፋል። ማኅበርም፣ ማኅበረሰብም፣ ኅብረትም ኀበረ ከሚለው ግእዝ የተወለዱ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። የማስትሪኽት ውል በኖቬምበር 1993 ጸንቶ «የአውሮፓ ኅብረት» የሚለው ስም ሲመጣ፣ ዜናውን በአማርኛ ለሰማ ሰው ብዙ ነገር የተለወጠ አይመስልም። እንዲያውም በእኛ ቋንቋ የሚጠብቀው ቃል አንድነት ነው፤ ኅብረት እየራስ ሆኖ መተባበርንም ያስተናግዳል። በ1963 አዲስ አበባ ላይ የተመሠረተው የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በ2002 የአፍሪካ ኅብረት ሲሆን፣ በእንግሊዝኛው ከ«ዩኒቲ» ወደ «ዩኒየን» ሲያልፍ ጠበቀ፤ በአማርኛው ግን የላላ ነው የሚመስለው። አንድ ብሪታኒያዊ «ዩኒየን» የሚለውን ቃል ሲሰማ ወደ አእምሮው የሚመጣው ነገር ምን እንደሆነ ለማወቅ ስለዚህ ወደራሱ ታሪክ መሄድ ያስፈልጋል።

ታሪኩ 1707 ላይ ነው። በዚያ ዓመት ሜይ 1 ቀን የጸናው የኅብረት ሕግ እንግሊዝንና ስኮትላንድን አንድ መንግሥት አደረጋቸው። ከዚያ በፊት በነበረው ክርክር ሁለት ዓይነት ኅብረት ተለይቶ ይነገር ነበር። አንደኛው ሁለቱ አገሮች በቃል ኪዳን ተሳስረው ፓርላማቸውን እየራሳቸው የሚይዙበት ነው፤ የሶልቱኑ አንድሩ ፍሌቸርን የመሳሰሉ ስኮትላንዳውያን የፈለጉት ይህን ነበር። ሁለተኛው የሚያዋህድ ኅብረት ነው። ያሸነፈው ሁለተኛው ሆነና የኤደንብራው ፓርላማ ራሱን አፍርሶ ከአባላቱ የተመረጡትን ወደ ዌስትሚኒስተር ላከ። በ1801 አየርላንድም በዚሁ መንገድ ተጨመረች፤ የደብሊን ፓርላማም ተዘጋ። እንግዲህ በብሪታኒያ የፖለቲካ ቋንቋ «ዩኒየን» ማለት ትንሹ ፓርላማ የሚዘጋበት፣ ሥልጣን ወደ አንድ ከተማ የሚሰበሰብበት ነገር ነው። ሰንደቅ ዓላማው በዚህ ስም ይጠራል፤ ከአየርላንድ ጉዳይ ወዲህ የወግ አጥባቂው ፓርቲ ሙሉ ስሙ ውስጥም አለ። በአባልነቱ ክርክር ውስጥ ተቃዋሚዎቹ ብራስልስ «ዩኒየን» የሚለውን ስም ሲይዝ መደንገጣቸውን እንደ ጠባብነት የቆጠሩባቸው ብዙ ነበሩ። እኔ አልቆጥርባቸውም። ቃሉ ምን ማድረግ እንደሚችል ከማንም በላይ የሚያውቁት ራሳቸው ናቸውና፤ ሌላው ላይ አድርገው አይተውታል።

ይኸው ቃል ግን አንድ ጊዜ ከለንደን ወደ አውሮፓ ተልኮ ያውቃል። ጁን 16 ቀን 1940 ፈረንሳይ በጀርመን ጦር እየወደቀች ሳለ፣ የቸርችል መንግሥት ሁለቱ አገሮች ሁለት መሆናቸው ቀርቶ አንድ የማይፈርስ የፈረንሳይና የብሪታኒያ ኅብረት እንዲሆኑ ሐሳብ አቀረበ። የመከላከያ፣ የውጭ ጉዳይና የገንዘብ አመራራቸው የጋራ እንዲሆን፣ እያንዳንዱ ፈረንሳዊ ወዲያውኑ የብሪታኒያ ዜግነት እንዲያገኝ፣ እያንዳንዱ ብሪታኒያዊም የፈረንሳይ ዜጋ እንዲሆን የሚል ነበር። ጽሑፉን በስልክ ለፈረንሳዩ ጠቅላይ ሚኒስትር ለፖል ሬኖ ያነበበላቸው ጄኔራል ደጎል ነው። ሬኖ በዚያው ምሽት ከሥልጣን ወረዱ፤ ሐሳቡም በዚያው ቀረ። ጽሑፉን ካረቀቁት ሰዎች አንዱ ዣን ሞኔ ነበር። አሥር ዓመት ቆይቶ የሹማን መግለጫ የሚባለውን፣ የፈረንሳይንና የጀርመንን የድንጋይ ከሰልና ብረት በአንድ ባለሥልጣን ሥር ለማዋል የቀረበውን ዕቅድ ያረቀቀውም ይኸው ሞኔ ነው። ማስትሪኽት ላይ ከተፈረመው ሁሉ የጠለቀ የፖለቲካ ኅብረት ከብሪታኒያ ካቢኔ የወጣ ሐሳብ መሆኑ ከክርክሩ ውስጥ ተረስቶ መቅረቱ ያሳዝነኛል።

ከሁሉ ይልቅ ግራ ያጋባው ቃል ግን «ፌዴራል» ነው። ላቲኑ «ፌዱስ» ውል፣ ቃል ኪዳን ማለት ነው፤ እምነት ማለት ከሆነው «ፊዴስ» ጋር ሥሩ አንድ ነው። ፌዴሬሽን ተማምነው የተማማሉ ሰዎች ማኅበር ነው። የስዊዘርላንድ ሰዎች አገራቸውን በጀርመንኛ የሚጠሩበት ስም ራሱ «የመሐላ ጓደኞች ማኅበር» እንደ ማለት ነው። ከዚህ ሥር ግን ተቃራኒ ትርጉሞች በቀሉ። በ1787 አሜሪካ ውስጥ ፌዴራሊስት የተባሉት ማዕከላዊው መንግሥት እንዲጠነክር የፈለጉት ናቸው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በጀርመን ፌዴራሊዝም ማለት ሥልጣን በበርሊን ተጠራቅሞ የደረሰው ጥፋት እንዳይደገም ለክፍለ ግዛቶች ማከፋፈል ነው። የእኛ አንባቢ ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ የለበትም። ከ1995ቱ ሕገ መንግሥት ወዲህ «ፌዴራሊዝም» ሲባል የክልሎች ሥልጣን ወደ አእምሯችን ይመጣል፤ መንገድ ላይ «ፌዴራል መጣ!» ሲባል ግን የመጣው የማዕከላዊው መንግሥት ፖሊስ ነው። አንድ ቃል ነው፤ ሁለት ፊት አለው። ዕድሜያቸው የገፋ ሰዎች ደግሞ «ፌዴሬሽን» ሲባሉ የሚያስታውሱት በ1952 ኤርትራን ከኢትዮጵያ ጋር ያስተሳሰረውንና በ1962 የፈረሰውን ነው። ቃል ኪዳኑ አሥር ዓመት ቆይቶ ወደ ውህደት ተለወጠ።

ይህ ሁለት ፊት በ1991 ማስትሪኽት ላይ ፊት ለፊት ተጋጠመ። በውሉ ረቂቅ ውስጥ ኅብረቱ ደረጃ በደረጃ ወደ ፌዴራል ግብ የሚያመራ መሆኑን የሚገልጽ ሐረግ ነበረበት። ለጀርመኖቹ ይህ ማረጋገጫ ነበር፤ ብራስልስ ሁሉን አትጠቀልልም የሚል። ለጠቅላይ ሚኒስትር ጆን ሜጀር ደግሞ ፓርቲያቸውን የሚያፈርስ ቃል ነበር፤ ለንደን ውስጥ ሁሉም የተረዳው ብራስልስ ሁሉን ትጠቀልላለች ብሎ ነውና። ሜጀር ቃሉ ካልወጣ አልፈርምም አሉና ወጣ። በቦታው የገባው ከ1957ቱ የሮም ውል የተወሰደ ሐረግ ነው፤ በአውሮፓ ሕዝቦች መካከል ይበልጥ እየተቀራረበ የሚሄድ ኅብረት። ወሰን ያለው ቃል ወጥቶ ወሰን የሌለው ገባ ማለት ነው። ፌዴሬሽን ይህ የእናንተ፣ ይህ የእኛ ብሎ የሚጽፍ ሕገ መንግሥት ይኖረዋል፤ «ይበልጥ እየተቀራረበ» ግን የት ላይ እንደሚቆም አይናገርም። ፈረንሳይኛው የተጠቀመበት ቅጽል ጠባብ ወይም ጥብቅ የሚል ነው፤ ጀርመንኛው ደግሞ ድርጅቶች ሲዋሐዱ የሚባልበትን ቃል መርጧል። በ2016 ፌብሩዋሪ ጠቅላይ ሚኒስትር ዴቪድ ካሜሮን ከብራስልስ ያመጡት ስምምነት አንዱ አንቀጽ ብሪታኒያ በዚህ ሐረግ እንደማትገደድ የሚገልጽ ነበር። ሜጀር በድል ያስገቡትን ካሜሮን በድል አስወጡት።

በፌዴራሉ ሐሳብ ላይ ሌላም የተረሳ ነገር አለ። በ1938 ለንደን ውስጥ «ፌዴራል ዩኒየን» የሚባል ማኅበር ተቋቁሞ ነበር። ሎርድ ሎቲያንና የምጣኔ ሀብት ሊቁ ላዮኔል ሮቢንስ አገሮች ሉዓላዊነታቸውን እንደያዙ ሰላም አይገኝም እያሉ የጻፉት በዚያ ዘመን ነው። ጽሑፎቻቸው በጣሊያናዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ በሉዊጂ ኤናውዲ በኩል ቬንቶቴኔ ደሴት ላይ በሙሶሊኒ በግዞት ወደ ታሰሩት ወደ አልቲዬሮ ስፒኔሊና ወደ ኤርኔስቶ ሮሲ ደረሱ። ሁለቱ በ1941 ያዘጋጁት የቬንቶቴኔ መግለጫ የአውሮፓ ፌዴራሊስቶች መነሻ ጽሑፍ ሆነ፤ ዛሬ ብራስልስ ካሉት የአውሮፓ ፓርላማ ሕንጻዎች አንዱ በስፒኔሊ ስም ይጠራል። ስፒኔሊ የእንግሊዞቹ አስተሳሰብ ጥራት እንደማረከው ራሱ መስክሯል። ፌዴራሊዝም ለብሪታኒያ ባዕድ ነው የሚለው ክርክር ይህን መልስ ሳይሰጠው ነው የኖረው።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ። ተቃዋሚዎች ከሁሉ በላይ የያዙት ቃል ሉዓላዊነት ነው። እንግሊዝኛው «ሶቨረይን» የመጣው «ሱፐር»፣ በላይ ከሚለው ላቲን ነው። በድሮ ፈረንሳይኛ በኩል ሲገባ እንግሊዞች «ሬይን»፣ መንገሥ ከሚለው ጋር የተዛመደ መስሏቸው የማይነበብ ፊደል ጨመሩበት። አማርኛው ሥዕሉ ያው ነው፤ ሉዓላዊ የመጣው ልዑልና ላዕላይ ከወጡበት፣ ከፍ ማለትን ከሚያመለክተው የግእዝ ሥር ነው። ሉዓላዊ ከበላዩ ማንም የሌለበት ነው። ፈረንሳዊው ዣን ቦዳን በ1576 ሐሳቡን ሲያብራራ ንጉሥን እያሰበ ነበር፤ እንግሊዞች ግን ከንጉሡ ወስደው ለፓርላማ ሰጡት። የኦክስፎርዱ የሕግ ሊቅ ዳይሲ በ1885 እንዳስቀመጠው ፓርላማ የፈለገውን ሕግ ሊያወጣም ሊሽርም ይችላል፤ የፓርላማን ሕግ ወደ ጎን የመተው መብት ያለው አካልም የለም።

ይህ ጉዳይ የመጽሐፍ ጉዳይ ብቻ አልነበረም። ብሪታኒያ ከመግባቷ ዘጠኝ ዓመት ቀደም ብሎ በ1964 የአውሮፓው ፍርድ ቤት የማኅበረሰቡ ሕግ ከአባል አገሮች ሕግ በላይ መሆኑን በይኗል። ጃንዋሪ 1 ቀን 1973 የገባችው ይህ እየታወቀ ነው። ይሁንና ብዙ ሰው ነገሩን ያየው ዓሣ አጥማጆች ፍርድ ቤት ሲሄዱ ነው። የስፔን ባለ ጀልባዎች መርከቦቻቸውን ብሪታኒያ ውስጥ እያስመዘገቡ ከብሪታኒያ ድርሻ ዓሣ ያጠምዱ ነበር፤ ፓርላማ ይህን ለመከልከል በ1988 ሕግ አወጣ። ባለ ጀልባዎቹ ከሰሱ። ነገሩ ወደ አውሮፓው ፍርድ ቤት ሄዶ ተመለሰና በ1990 የአገሪቱ የመጨረሻ ፍርድ ሰሚ የነበረው የጌቶች ምክር ቤት የፓርላማው ሕግ በእነሱ ላይ እንዳይሠራ አገደ። ዳይሲ የለም ያለው አካል ተገኘ። ለተቃዋሚዎቹ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም ነበር፤ እውነትም ማስረጃ ነው።

ከተቃውሞው ወገን እኔን የሚያሳምነኝ ግን ስለ ሺህ ዓመት ታሪክ የሚያወራው አይደለም። ቶኒ ቤን ያነሳው ነው። ቤን ግራ ክንፈኛ ሌበር ነበር፤ ከቀኝ ክንፉ ከኢኖክ ፓወል ጋር በሌላ ነገር አይገናኙም፤ በዚህ ግን ባንድ ወገን ቆመዋል። የቤን ክርክር የሕዝብ እንደራሴ ሥልጣኑ የተበደረው ነው የሚል ነው። መራጩ ለአምስት ዓመት ያበድረዋል፤ እሱም በጊዜው መመለስ አለበት እንጂ ለሦስተኛ ወገን አሳልፎ ሊሰጥ አይችልም። ባለሥልጣንን ሁሉ መጠየቅ ያለብን ብሎ ከሚዘረዝራቸው ጥያቄዎች የመጨረሻው ሕዝቡ አንተን እንዴት አድርጎ ሊያወርድህ ይችላል የሚል ነው። የአውሮፓ ኮሚሽንን በዚህ ጥያቄ ፊት ማቆም ከባድ ነው። ለኮሚሽኑ ጥብቅና የሚቆሙ ሰዎች የአውሮፓ ፓርላማ ሊያሰናብተው እንደሚችል ይጠቅሳሉ፤ እውነት ነው፤ ነገር ግን ሊቨርፑል ያለ መራጭ በድምፁ ያንን ማድረግ እንደሚችል ተሰምቶት አያውቅም።

የደጋፊዎቹ መልስ ከሌላ ቃል ይነሳል። «ፑል» ይሉታል፤ ሉዓላዊነትን ባንድ ቋት ማኖር። ቃሉ ከፈረንሳይኛው «ፑል»፣ ከዶሮ፣ የመጣ ነው፤ በድሮ ጨዋታ ለአሸናፊው የምትሰጠው ዶሮ፣ ኋላም ተጫዋቾች ሁሉ የሚያዋጡት መደብ ማለት ሆነ። በ1950 የሹማን ዕቅድ ሲወጣ ጋዜጦች የከሰልና የብረት ፑል ብለው ጠሩት። በ1971 የጠቅላይ ሚኒስትር ሂዝ መንግሥት ለፓርላማ ባቀረበው ሰነድ ነገሩን ሲገልጽ መሠረታዊ ሉዓላዊነት አይሸረሸርም፤ የየአገሩ ሉዓላዊነት ይጋራል፣ ይሰፋልም ብሏል። «ይሰፋል» የምትለው ቃል ላይ ብዙ ሰው ያፌዛል። እኔ ግን የደጋፊዎቹ ትልቁ ክርክር እዚያች ቃል ላይ ያለ ይመስለኛል። ሉዓላዊነትን «ከበላዬ ማን አለ?» ብለህ ከጠየቅህ ቤን ያሸንፋል። «ከዚህ ከፍታ ላይ ሆኜ እጄ የት ይደርሳል?» ብለህ ከጠየቅህ ግን ነገሩ ይለወጣል። ከኃያል አገር ጋር በንግድ ለመደራደር፣ ድንበር የሚሻገር ኩባንያን ሕግ ለማስያዝ ብቻውን የቆመ ፓርላማ የፈለገውን ሕግ ማውጣት ይችላል፤ የፈለገውን ውጤት ማግኘት ግን ሌላ ነገር ነው።

ለዚህ ከሁሉ የሚበልጠው ምስክር የማርጋሬት ታቸር ሥራ ነው። በ1975 ዘመቻ ታቸር የዘጠኙ አባል አገሮች ባንዲራ የተጠለፈበት ሹራብ ለብሰው «ቆዩ» እያሉ ሲቀሰቅሱ ፎቶ ተነስተዋል። በኋላም የአውሮፓ ነጠላ ገበያ የተባለውን ከማንም በላይ የገፉት እሳቸው ናቸው። ወደ ብራስልስ የላኩት ኮሚሽነር ሎርድ ኮክፊልድ በ1985 ወደ 300 የሚጠጉ የንግድ እንቅፋቶችን ዘርዝሮ እስከ 1992 እንዲነሱ ዕቅድ አወጣ። ግን አንድ አገር በሌላው ዕቃ ላይ የሚያደርገውን ክልከላ ለማንሳት የጋራ ሕግ ያስፈልጋል፤ የጋራ ሕግ እንዲወጣም አንድ አገር ብቻውን ሊያግደው የማይችል የድምፅ አሰጣጥ ያስፈልጋል፤ ሕጉን የሚተረጉም ዳኛም ያስፈልጋል። የታቸር መንግሥት በ1986 ይህን ፈረመ። ታቸር በሴፕቴምበር 1988 ቤልጅየም ብሩዥ ላይ ባደረጉት ንግግር ደግሞ ከብራስልስ የሚገዛ ልዕለ መንግሥት እየመጣ ነው ብለው አስጠነቀቁ። ንግግራቸው እውነት ነበረበት፤ የመጣው ግን የገዛ ገበያቸውን ለማቆም ነው። መርካቶ ውስጥ እንኳ ሚዛን የሚቆጣጠር አካል ያስፈልጋል፤ አሥራ ሁለት አገር የሚገበያይበት ቦታ ደግሞ ያለ ፖለቲካ አንድ ቀን አያድርም። ደጋፊዎቹ ይህን በግልጽ መናገር ነበረባቸው። «ገበያ የፈለገ ኅብረቱንም ይፈልጋል፤ እኛ ሁለቱንም እንፈልጋለን» ብሎ ለሕዝቡ የሚናገር ጠቅላይ ሚኒስትር በአርባ ሰባቱ የአባልነት ዓመታት አልተገኘም። ሁሉም ዋጋውን፣ ሥራውን፣ የአየር ትኬቱን እየቆጠሩ ተከራከሩ። አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ ይባላል፤ በ2016 የሆነው ያ ነው።

በዚያ ዓመት በተካሄደው ሕዝበ ውሳኔ ተቃዋሚዎቹ ያሸነፉት በአንዲት ቃል ነው፤ «ኮንትሮል»። ቁጥጥሩን እንመልስ የሚለው መፈክር ሦስት የእንግሊዝኛ ቃል ብቻ ነበር። «ኮንትሮል» አመጣጡ ከሒሳብ መዝገብ ቤት ነው። በመካከለኛው ዘመን የንጉሥ ገንዘብ ያዥ የብራና ጥቅል ላይ ገቢና ወጪውን ሲጽፍ ሌላ ጸሐፊ ደግሞ ለብቻው ሁለተኛ ጥቅል ይጽፍ ነበር። ይህ ሁለተኛው ጥቅል «ኮንትራሮቱሉስ» ይባላል፤ ፊት ለፊት የሚቀመጥ ጥቅል። ሁለቱ ጎን ለጎን ተዘርግተው ካልተመሳሰሉ ሌባው ተገኘ። ለዚህ ነው ፈረንሳይኛው «ኮንትሮል» እስካሁን ማረጋገጥ፣ መፈተሽ የሚለውን ትርጉም አጥብቆ የያዘው። እንግሊዝኛው ግን ከማረጋገጥ ወደ ማዘዝ፣ መሪውን ወደ መጨበጥ አለፈ። አማርኛም ያንኑ መንገድ ነው የሄደው። ተቆጣጠረ የመጣው ቆጠረ ከሚለው ነው፤ ተቆጣጣሪ ሒሳብ የሚያመሳክር ሰው ነበር፤ ዛሬ ጦር ከተማ «ተቆጣጠረ» እንላለን።

መፈክሩን የጻፉት ሰዎች የተጠቀሙት በሁለተኛው ትርጉም ነው። በመጀመሪያው ትርጉም ግን ራሳቸው አላለፉም። በቀይ አውቶቡስ ላይ ብሪታኒያ ለብራስልስ በየሳምንቱ 350 ሚሊዮን ፓውንድ ትልካለች ብለው ጻፉ። ሁለተኛውን ጥቅል የያዘው የአገሪቱ የስታቲስቲክስ ባለሥልጣን ቁጥሩ የብሪታኒያን ተመላሽ ሳይቀንስ የቀረበ፣ የሚያሳስት ነው አለ። አውቶቡሱ መንገዱን ቀጠለ። ቁጥጥር እንዲመለስ በተጠየቀበት ዘመቻ ውስጥ ቁጥጥር የተናቀው እዚያ ላይ ነው፤ ይህን ይቅር ለማለት ይከብደኛል።

ጉዳዩ የተወሰነበት መንገድ ራሱ የመጣ ቃል ነው። «ሪፈረንደም» መልሶ መውሰድ ከሚለው ላቲን የወጣ ሲሆን ሥራ የያዘው ስዊዘርላንድ ውስጥ ነው፤ የካንቶኖቹ መልእክተኞች በስብሰባ ላይ ራሳቸው ሳይወስኑ ጉዳዩን ይዘው ወደ ላኳቸው ይመለሱ ነበር። በ1945 የሌበር መሪው ክሌመንት አትሊ ይህ ከእኛ ወግ ጋር የማይሄድ፣ ናዚዎችና ፋሺስቶች የተገለገሉበት መሣሪያ ነው ብለው አንቀበልም አሉ። ያው መሣሪያ በ1975 በ17,378,581 ድምፅ ብሪታኒያን አቆየ፤ በ2016 ጁን 23 ቀን በ17,410,742 ድምፅ አስወጣ። ሁለቱ ቁጥሮች ይህን ያህል መቀራረባቸው ይገርማል።

«ብሬክዚት» ከዚህ ሁሉ ጨቅላው ቃል ነው። ግሪክ ከዩሮ ትወጣ ይሆን በተባለበት በ2012 የባንክ ባለሙያዎች «ግሬክዚት» አሉ፤ በዚያው ዓመት ሜይ ወር ፒተር ዊልዲንግ ቃሉን ለብሪታኒያ አዞረው። ዊልዲንግ ብሪታኒያ እንድትቆይ የሚሟገት ሰው ነው። «ኤግዚት» በላቲን የተሟላ ዐረፍተ ነገር ነው፤ «ይወጣል» ማለት ነው። በድሮ የቴአትር ጽሑፍ ላይ አንድ ተዋናይ ከመድረክ ሲወርድ ይጻፋል፤ ብዙዎች ሲወጡ ግን ቃሉ «ኤክሴዩንት» ነው። በእኛ ጋዜጦች ደግሞ «እንግሊዝ ወጣች» ተባለ፤ አማርኛ መላውን ደሴት እንግሊዝ ማለት ይቀናዋልና። ስኮትላንዳዊ ቢሰማ የሚከፋው አጠራር ነው፤ ለውጤቱ ግን ከኦፊሴላዊው ስም ይልቅ ይቀርባል። እንግሊዝ 53.4 በመቶ፣ ዌልስ 52.5 በመቶ «እንውጣ» ሲሉ ስኮትላንድ 62 በመቶ፣ ሰሜን አየርላንድ 55.8 በመቶ «እንቆይ» ብለዋል። ግሡ ነጠላ ነበር፤ ባለቤቱ ግን አራት።

ሰሜን አየርላንድ ላይ ሁለቱ ኅብረቶች ተጣሉ። አየርላንድ ሪፐብሊክ በአውሮፓ ኅብረት ውስጥ ስለቀረች አንድ ቦታ ላይ የዕቃ ቁጥጥር መደረግ ነበረበት፤ በደሴቲቱ መሀል ከሆነ የ1998ቱ የሰላም ስምምነት አደጋ ላይ ይወድቃል፤ በባሕሩ ላይ ከሆነ ደግሞ የ1801ዱ ኅብረት ይሸረሸራል። የተመረጠው ባሕሩ ነው። ከአውሮፓ ኅብረት መውጣትን የደገፉት የሰሜን አየርላንድ ዩኒየኒስቶች የገዛ ኅብረታቸው መሀል የዕቃ መፈተሻ ተተከለበት፤ እስከ 2023ቱ የዊንዘር ስምምነት ድረስ መንግሥቶች የለፉት ያንን ለማለዘብ ነው።

ብሪታኒያ ጃንዋሪ 31 ቀን 2020 ወጣች። ሜይ 19 ቀን 2025 ደግሞ የኪር ስታርመር መንግሥት ከኅብረቱ መሪዎች ጋር ለንደን ላይ ተገናኝቶ ግንኙነቱን ለማደስ ተስማማ። ወደ ነጠላው ገበያ አንመለስም፣ ወደ ጉምሩክ ኅብረቱም አንመለስም ተብሏል። አሁን የሚሰማው ቃል «አላይንመንት» ነው፤ የመጣው «ሊኔያ» ከሚለው ላቲን፣ ግንበኛ ከሚወጥረው የተልባ ክር ነው። በስምምነቱ መሠረት የምግብና የዕፅዋት ንግድ እንዲቀል ብሪታኒያ የኅብረቱን የጤና ደንብ በየጊዜው እየተከተለች ታስተካክላለች፤ በኅብረቱ ሕግ ትርጉም ላይ የመጨረሻው ቃል የአውሮፓው ፍርድ ቤት ይሆናል። ደንቡ ሲረቀቅ ሐሳቧን ታሰማለች፤ ድምፅ ሲሰጥ ግን ወንበር የላትም። የወጡት ሰዎች ይህን ተገዢነት ይሉታል፤ ለመቆየት የተከራከሩት ደግሞ ወንበራችንን ማን ለቀቀ ይላሉ። ክሩን የሚወጥረው ማን እንደሆነና በምን ድምፅ ሊወርድ እንደሚችል የሚጠይቀው የቤን ጥያቄ አሁን ከ1975ቱ ይልቅ ለመመለስ ከብዷል፤ ለንደን ውስጥ ግን እስካሁን የሚነገረው ስለ ቋሊማ ዋጋና ስለ ድንበር ሰልፍ ነው።